የሙደሲርን ጀርባ ያነሳው ሰው

ሸረፋ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ልጁ ስልክ ደውላ፣ «አባባ አርፏል፤ የእርስዎን ቁጥር ከደብተሩ ላይ አግኝቼ ነው» ስትለኝ በማግስቱ ለለቅሶ ቡታጅራ ወረድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እየተቀባበለ፣ «ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም» ይላል። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። የሚያውቁት መስጊድ በር ላይ ሙስበሓውን እየቆጠረ የሚቀመጠውን አንድ ዓይና ሽማግሌ ነው። አልተቃወምኳቸውም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ተሳስታችኋል» አይባልም። እኔ የማውቀው ሸረፋ ግን እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነበር።

ቡታጅራ የደረስኩት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ አገሩንም ሰዉንም አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ለመዝገብ ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጣ ስላለኝ «ሸረፋ ፎቶ ቤት» ወደሚል ሰሌዳ አመራሁ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። መሐል ላይ አጭር፣ አንገተ ወፍራም ሰው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በኮሌታው አንቆ ይዟል። ሾፌሩ ጠጥቶ ገብቶ የካሜራውን እግር በእርግጫ ብሎት ኖሯል። አጭሩ ሰው ምንም ሳይናገር በቴስታ አለው። ሾፌሩ አፍንጫውን ይዞ ቁጭ አለ፤ ደሙ በጣቶቹ መሐል እየወረደ ሸሚዙን አራሰው። አጭሩ ሰው ገብቶ እጁን በሳሙና ታጥቦ ወጣና፣ «ተራው የማን ነው?» አለ።

የኔ ነበር። በርጩማው ላይ ትከሻዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

«ትከሻህን ልቀቀው» አለኝ። «የመታሁት እሱን ነው። አንተ ምን ያስፈራሃል?»

ከዚያ አገጬን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው። እንደዚያ ዓይነት ለስላሳ እጅ ከዚያ ሰው አልጠበቅኩም። እንቁላል የያዘ ይመስል ነበር።

ሥራውን የተማረው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ አንድ አርመን ፎቶ ቤት ነው። በጠራጊነት ገብቶ ጨለማ ክፍል እስኪረከብ ድረስ ቆይቷል። መርካቶ ውስጥ ሰው በጠርሙስ ወግቶ ታስሯል፤ ግራ ጆሮውንም ያደነቆረው ያኔ የያዘው ፖሊስ ነው። ስታናግረው ቀኝ ጆሮውን እያዞረልህ ነው የሚሰማህ። ሚስቱ ዘይነባ በዱላው ምክንያት ሁለት ጊዜ ጥላው ሄዳለች። በሁለተኛው የሄዱት ሽማግሌዎች ቁርአን አስይዘው አስማሉት። ከዚያ ወዲህ እሷ ላይ እጁን እንዳላነሳ ራሷ ነግራኛለች። ሌላው ሰው ግን በመሐላው ውስጥ አልነበረም። በሐዘን ፎቶ ላይ የሳቀ ጎረምሳን ወንድሞቹ ፊት ሲያጮለው በዓይኔ አይቻለሁ።

የተወዳጀነው በመጋረጃ ነው። ከደንበኞቹ ጀርባ የሚሰቅለው ጨርቅ አርጅቶ ስለነበር፣ ሥዕል እንደምሞክር ሲሰማ፣ «ባሕር ሳልልኝ» አለኝ። እኔም እሱም ባሕር አይተን አናውቅም። መርከብ ጨምሬ ሳልኩለት። ከመስቃን የመጣ ገበሬ ሁሉ ከመርከቡ ፊት ደረቱን ነፍቶ ይነሳ ጀመር። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ ውሎዬ እሱ ጋ ሆነ። እሱ ያጥባል፣ ያጎላል፤ እኔ የደበዘዘውን ቅንድብ በቀጭን ብሩሽ አስተካክላለሁ።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ስላየሁት የሥዕል ኤግዚቢሽን አወራሁለት።

«ሰው ሥዕል ለማየት ብቻ ይመጣል?» አለ። «ሳይገዛ?»

«አዎ።»

«ሳይበላ?»

«አዎ፣ ጋሽ ሸረፋ።»

ሳቀብኝ። በሳምንቱ ግን፣ «እኛም እናድርግ» አለ። «ይሄ ሕዝብ ፊቱን ከጉርድ ፎቶ በላይ አይቶት አያውቅም።»

የሱን ፎቶዎችና የኔን ሥዕሎች የምንሰቅልበትን የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለዘውድ በዓል እንዲሰጡን የለመንኩት እኔ ነኝ። ከንቲባው የሰሜን ሰው፣ ፈሪና ደግ ነበሩ። «የግርማዊነታቸውን ሥዕል መግቢያው ላይ፣ የፊታውራሪን ፎቶ መሐል ላይ አድርጉ» ብለው ፈቀዱ። ፊታውራሪ የሚሏቸው ከከተማው በታች ያለው ሜዳ ግማሹ የሳቸው የሆነ ባለርስት ናቸው። ሸረፋ በካባቸው አንስቷቸው ነበር፤ ጥሩ ፎቶ ነው። እስከ ዛሬ «እሳቸው» ማለት አለመተዌን ልብ በሉልኝ። ልማድ ነው።

ለትርኢቱ ወር ሲቀረው ሙደሲር መጣ።

ሙደሲር የፊታውራሪ ጭሰኛ ነበር። አባቱም አያቱም ያንኑ መሬት አርሰዋል። በዚያ ዓመት ፊታውራሪ ትራክተር አስመጡና ጭሰኞቹን ልቀቁ አሏቸው። ሙደሲር «በርበሬዬን ልልቀምና እሄዳለሁ» አለ። አሽከሮቹ ከግራር ጋር አስረው በአለንጋ ገረፉት። እሱ እንደታሰረ ቤቱን በእሳት ለቀቁት። ሚስቱ ልጆቹን አወጣች፤ ላሚቱ ውስጥ ቀረች። ላሚቱ ስትጮህ እስከ መንገዱ ይሰማ እንደነበር ሰው ሁሉ ያወራዋል።

አቤቱታ ሊያጽፍ ሲሄድ ማመልከቻ ጸሐፊው «ማስረጃ ካልያዝክ ማን ያምንሃል?» ብሎት ነው የመጣው። እኔ ቅንድብ ሳስተካክል ገባ። ጋቢውን እንደደረበ ቆሞ፣ «አሰላሙ አለይኩም። ጀርባዬን አንሳኝ» አለ።

ሸረፋ የሚቀልድበት መሰለው። «ሰው ፊቱን ነው የሚነሳው፣ ወንድሜ።»

«እኔ ግን ጀርባዬን ነው።»

ጋቢውን ሊያወልቅ ሲል አልወለቀም። ቁስሉ ላይ ደርቆ ተጣብቋል። ሸረፋ ውኃ አሞቀ። ሰውየውን በርጩማው ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጨርቁን እያራሰ፣ ጣት በጣት እያላቀቀ ብዙ ቆየ። ሙደሲር አልጮኸም፤ የበርጩማውን እግር በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። ጋቢው ሲነሳ ያየሁትን በሙሉ አልጽፈውም። ሥጋው ተተልትሏል፤ በአንድ ቦታ ነጭ ነገር ይታያል። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ሸረፋ ካሜራው ጀርባ ነበር።

ሙደሲር ፎቶውን ይዞ ፍርድ ቤት ሲሄድ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ አገላብጦ አየውና፣ «ጀርባ ስም የለውም። የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ብሎ ቀደደበት። ሙደሲር ቁርጥራጩን በእጁ ጨብጦ ተመለሰ። ሸረፋ እንደገና አስቀመጠውና፣ «ጀርባህን ስጠኝ፤ ፊትህን ወደኔ መልስ» አለው። በትከሻው ላይ ዞሮ ሌንሱን ሲያይ አነሳው። ያን ፎቶ የሚያይ ሰው በመጀመሪያ ዓይኑን ነው የሚያየው፤ ከዚያ ነው ወደ ታች የሚወርደው። እሱንም ሁለቱ አብረው ወስደው፣ «የማቅረቢያው ቀን አልፏል» ተባሉ።

ያን ዕለት ሸረፋ ሰው ይመታል ብዬ ፈራሁ። አልመታም። ጨለማ ክፍል ገብቶ ፎቶውን የፊታውራሪን ፎቶ ያህል አጎላው።

«የት ልትሰቅለው ነው?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«ከጎናቸው።»

«ይገድሉሃል።»

«ከዚህ በፊትም ሞክረውኛል» አለና ግራ ጆሮውን ነካ አደረገ። «አንተ ከፈራህ ሥዕሎችህን ይዘህ ውጣ። አልቀየምህም።»

አልወጣሁም። ደግሞም ቆርጬ አልቆምኩም። በዋዜማው ከንቲባው ጠርተው፣ «አደራ፣ ነገር የሚያመጣ የለበትም አይደል?» ሲሉኝ፣ «የለበትም» አልኩ።

እንደ መጀመሪያው ቀን ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ገበያ የወጣው ሁሉ አዳራሹን ሞላው። ሰው ራሱን ሲያገኝ ይጮኻል፤ ጎረቤቱን ይጠራል። አንዲት የስልጤ ሴት የሞተ ልጇን ፎቶ አግኝታ ጉንጯን መስተዋቱ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆመች። ሸረፋ ማንንም አልገፋም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የኔን ሥዕል በክርኑ የተደገፈ ጎረምሳ አንገቱን ይዞ አስወጣ። የሙደሲር ፎቶ ገና አልተሰቀለም። ፊታውራሪ የሚመጡት በማግስቱ ነውና።

በማግስቱ ጠዋት ሰቀለው። ሙደሲርንም አስጠርቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሶ በሩ አጠገብ አቆመው። ፊታውራሪ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከንቲባውና ከሦስት አሽከሮቻቸው ጋር ገቡ። ሁለቱ ጠመንጃ ይዘዋል። የኔን ሥዕሎች እያለፉ፣ ራስ ነቅነቅ እያደረጉ መሐል ደረሱ። የራሳቸውን ፎቶ አይተው ደስ አላቸው፤ ካባቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጎን ሄደ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጀርባ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሸረፋ።

«የማን?»

ከበሩ በኩል፣ «የኔ ነው፣ ጌታዬ» የሚል ድምፅ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ሙደሲር ዞረ።

«አውርደው» አሉ ፊታውራሪ።

«እኔ ሰቅያለሁ። እርስዎ ያውርዱት።»

በከዘራቸው ፊቱን መቱት። ሁላችንም የጠበቅነው ቴስታውን ነበር፤ ከንቲባው እንኳ ወደ ኋላ ሸሹ። ሸረፋ ግን ዞረ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፍሬሙን ግራና ቀኝ ያዘና ደረቱን ለጠፈበት።

አሽከሮቹ በጀርባው ወረዱበት። በሰደፍ ነው የሚመቱት፤ የእንጨትና የአጥንት ድምፅ ይሰማል። በአንደኛው ምት መስተዋቱ ደረቱ ሥር ተሰበረ። በሌላው ራሱን ሲመቱት ፊቱ የተሰበረው ላይ ሄደ። ስባሪው ቀኝ ዓይኑን ወጋው። እኛ የቀባነው ነጭ ግድግዳ ላይ ደሙ ወረደ። የቀኝ እጁን ጣቶች በሰደፍ ቀጠቀጡ፤ አልለቀቀም። ሙደሲር ሊገላግል ዘሎ ሲገባ ሰደፍ አፉ ላይ አረፈ፤ ጥርሶቹን ከደም ጋር መሬት ላይ ሲተፋቸው አይቻለሁ። ሦስተኛው አሽከር ጩቤ መዝዞ የኔን ሥዕሎች እየዞረ ይሰነጥቃል። ሴቶች እየጮኹ በመስኮት ይወጣሉ።

እኔስ? ከእንግዶች መዝገብ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። ጨርቁ ከመሬት ትንሽ ከፍ ይል ስለነበር በግርጌው አያለሁ፤ እኔን ግን ማንም አያየኝም ብዬ ነበር። በመጨረሻ ሸረፋ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ፍሬሙ አብሮት መጣ።

ፖሊስ ጣቢያ የሄድነው እኛ ነን፤ ፊታውራሪማ ቤታቸው ገቡ። መቶ አለቃው እኔን ፊቱ አቁሞ ጠየቀኝ። ሸረፋ ዓይኑ በነጠላ ታስሮ ኋላዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ ጆሮው ወደኔ ነው።

«ስለ ፎቶው ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ። «ደብቆን ነው የሰቀለው።»

ያን ስል ወደ ኋላ አልዞርኩም። ሸረፋ አንድ ዓመት ተፈረደበት። ሙደሲር ሦስት ወር ታስሮ ሲፈታ አዲስ አበባ ገብቶ ኩሊ ሆነ ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ አይቼው አላውቅም። እኔን «ለደኅንነትህ» ብለው ወልቂጤ አዛወሩኝ። እስር ቤት ሄጄ አልጠየቅሁትም። ብሩሽም አልነካሁም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተለቆ ከተማሪዎቼ ጋር ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። በአዲስ አበባ ዞሮ በአውቶቡስ ነው የመጣው። ቀኝ ዓይኑ ጠፍቶ ቆቡ ወደ ውስጥ ሰጥሟል። ወደኔ መጣና፣ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት፣ በግራ እጁ በጥፊ አላሰኝ። መነጽሬ ወደቀ፤ አፌን ደም ደም አለኝ።

«ይቺ ያንተ ናት» አለ። «ጨረስን። ምሳ በልተሃል?»

አልበላሁም ነበር። ክትፎ በቆጮ በላን። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ በግራው ነው የሚጎርሰው። በምን ሥራ እንደሚኖር ብጠይቀው ገረመው። «በካሜራ ነዋ። ካሜራም ያለው አንድ ዓይን ነው፤ እኔ ምን ጎደለኝ?»

የሙደሲርን ፎቶ ኔጌቲቭ ዘይነባ በቆርቆሮ ጣሳ ጠቅልላ ቆጮ ከሚብላላበት ጉድጓድ አጠገብ ቀብራው ኖሯል። ፖሊስ ፎቶ ቤቱን ሲበረብር ቆጮ ማን ይቆፍራል? ሸረፋ እንደገና አጉልቶ ይዞት መጥቷል። «አንድ ነገር ግን የለኝም» አለኝ። «ያን ቀን ያነሳ ሰው አልነበረም። አንተ ሳለው።»

ቤቴ ተቀምጦ አንድ ሳምንት ሥዕሉን አሠራኝ። ኋላዬ ቆሞ ያርመኛል። አሽከሮቹን፣ ከዘራውን፣ የሙደሲርን አፍ አስታወስኩ። ራሴን በሩ አጠገብ፣ እጄን ዘርግቼ ሳልኩ።

«የለም» አለ። «አንተ እዚያ አልነበርክም። አንተ ጠረጴዛ ሥር ነበርክ። ስወድቅ ጫማህን አይቻለሁ።»

ያየኝ አልመሰለኝም ነበር። አጠፋሁትና ጠረጴዛ ሥር አደረግሁት፤ ከጨርቁ ግርጌ ሁለት ጫማ።

አዳራሽ የሚሰጠን እንደማይኖር እናውቃለን። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላትን የአገና ሴት ብንለምናት፣ «የሚያይ ሰው ይመጣል? ሲመጣ ሻይ ይጠጣል? በቃ ስቀሉ» አለችን። በገበያ ቀን ከፈትነው። ከጉብሬ መጡ፤ ከአገና፣ ከአረቅጥ በመኪና የወረዱ ሳይቀሩ ገቡ። ከሙደሲር ፎቶ ፊት አንድ ሽማግሌ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ዞረው የሱሪያቸውን እግር ሰበሰቡና የተቦጨቀ ባታቸውን አሳዩን።

«የጌታው ውሾች ናቸው» አሉ። «ይቺንስ ታነሳልኛለህ?»

ሸረፋ እዚያው ደጅ አስቀምጦ አነሳቸው። ፊታቸውንም አብሮ። ከኋላቸው ሌላ ሰው መጣ፣ የገመድ ምልክት አንጓው ላይ የቀረ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ጆሮዋ ከጉትቻው ጋር የተቀደደ። ፊልሙ እስኪያልቅ ተሰለፉ። ለሁለት ቀን አጥበን እየሰቀልን፣ የሻይ ቤቱ ግድግዳ ጠባሳ በጠባሳ ሆነ። ሻይ የሚጠጣ ጠፋ። ባለቤቷ ግን አውርዱ አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ፖሊሶች መጡ። አሥር አለቃው በዱላው መጀመሪያ ያገኘውን ፎቶ አወረደ።

«የዚህ ባለቤት ማነው?»

ሸረፋ አፉን ሳይከፍት፣ «እኔ ነኝ» አልኩ። «የሳልኩትም፣ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ።» ዱላው ማጅራቴ ላይ አረፈ። ሸረፋ፣ «እኔም ነኝ» እያለ ተከተለኝ። አሥር አለቃው ሥዕሌን በጉልበቱ ሰበረው፤ እኛን አስረው ፎቶዎቹን ጣቢያው ግቢ ውስጥ አቃጠሏቸው። ኔጌቲቮቹን ግን የአገናዋ ሴት በስኳር ጆንያ ውስጥ ደብቃ አስቀርታቸዋለች።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ዓመታት ይፈረድብን ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ወታደሩ ማጉረምረም፣ አስተማሪው ሥራ ማቆም ጀምሮ ነበር። ፖሊሶቹ ራሳቸው ነገ ማን እንደሚያዝዛቸው አያውቁም። በአራተኛው ቀን ያለ አንዳች ወረቀት ለቀቁን። ፊታውራሪም መንግሥት ሲለወጥ አዲስ አበባ ገብተው አልጋቸው ላይ እንደሞቱ ሰምቻለሁ።

ከመፈታታችን በፊት በነበረው ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እንድንሞቅ አውጥተውን ነበር። ግድግዳ ተደግፈን ተቀምጠን፣ በቀኝ ጆሮው በኩል ሆኜ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚከነክነኝን ጠየቅሁት።

«ጋሽ ሸረፋ፣ ሾፌሩንም፣ ጎረምሳውንም፣ እኔንም መተሃል። ያን ቀን ለምን ሰው አልመታህም? ሦስቱንም ታሸንፋቸው ነበር።»

ትክክል እንደሆንኩ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አረጋገጠልኝ። ከዚያ የማይታጠፉትን ጣቶቹን በግራ እጁ ያዘ።

«እጄን ብለቅ ፍሬሙ ይወድቅ ነበር» አለኝ። «ሙደሲር ደግሞ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ሰውየው አንድ ጊዜ በእነሱ እጅ ወድቋል። እንደገና ከኔ እጅ ይውደቅ?»